የተገለበጡት ካርዶች

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ለአርባ ሦስት ሟቾች «ኦክስጅንዎ ነገ ጠዋት ይደርሳል» የሚል መልእክት ከላክን ዛሬ ዘጠነኛ ቀናችን ነው።

ለእናቴ ልጅ፣ ለትንሹ አለቃ፤

እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? የትንሿ ጥርስ ወለቀ ብለህ የላክልኝን ፎቶ እያሳየሁ ሠራተኛውን ሁሉ አሰልችቼዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካሌ ገና ይታዘዘኛል።

ይህን የምጽፍልህ ከጓደኛህ መሥሪያ ቤት ነው። አምስተኛ ፎቅ፣ የእንግዳ መቀበያው። አሳንሰሩ ተበላሽቷል ተብዬ በእግሬ ወጣሁ። ጓደኛህ ስብሰባ ላይ ነው። ውሉን ሰጥተውኝ «እያነበቡ ይጠብቁ» አሉኝ። አሥራ ስምንት ገጽ ነው። ጭኔ ላይ አድርጌው በላዩ ላይ ላንተ እጽፋለሁ።

ለመፈረም ነው የመጣሁት። አዎ፣ ለመፈረም። ከሦስት ቀን በፊት «ካልፈረምሽ ድርሻዬን ለሚገዛኝ እሸጣለሁ» ብለህ ጻፍክልኝ። አንድ መስመር። ሰላምታም አልነበረውም። አባባ ሱቁን እኩል አውርሶናል፤ ግማሹን የማላውቀው ሰው ቢገዛው በማግስቱ ምን እንደሚያዘኝ አላውቅም። ስለዚህ ልብሴን ቀይሬ መጣሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ምን እንደምፈርም ታውቃለህ። በስልክ ስነግርህ «ስብሰባ ልገባ ነው» ትለኛለህ። ወረቀት ደግሞ አይቋረጥም።

ውጭ አገር ከሄድክ አሥራ አራት ዓመት ስለሆነህ ከሥር ልጀምርልህ።

ሥራችን ኦክስጅን ሞልቶ ቤት ለቤት ማድረስ ነው። ደረቱ የታመመ፣ ልቡ የደከመ፣ ያለ ቱቦ መተኛት የማይችል ሰው ሁሉ የኛ ደንበኛ ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ካርድ አለው፤ ስሙ፣ የደጁ ምልክት፣ ስንት ደረጃ እንደሚወጣ፣ የሚደወልለት ሰው ቁጥር። ካርዶቹ በመሳቢያ ውስጥ ይቆማሉ። ደንበኛው ሲሞት ካርዱን ገልብጠን እናቆመዋለን፤ ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ። «ሞተ» ብለን አንጽፍም። አባባ «ትንፋሽ ያደረስኩለትን ሰው ሞቱን በእጄ አልጽፍም» ይል ነበር። ካርዱ ወደ ተገለበጠበት ቤት አንደውልም። ቤቱ የቀረውን ሲሊንደርም አንጠይቅም፤ ቤተሰቡ ልቡ ሲችል ራሱ ያመጣዋል።

ይህን ማንም የትም ጽፎት አያውቅም። የምናውቀውን ነገር ለምን እንጽፈዋለን?

ወደ ኮምፒውተር እንግባ ያልከው አንተ ነህ፤ አልተቃወምኩም። መሳቢያው ሞልቷል፣ የስልከኛዋም ዓይን ደክሟል። ሦስት ድርጅቶች ጠራን።

አንደኛው በሦስት ሳምንት አስረክባለሁ አለ።

«ምኑን?» አልኩት።

«የሚፈልጉትን።»

«የምፈልገውን ጠየቅከኝ እንዴ?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁና በሩን አሳየሁት።

ሁለተኛው ይሄ የጓደኛህ ነው። ስልከኛዋ ክራቫት ብላዋለች፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት መጋዘናችን ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆሞ አንገቱን ላላ አላደረገም። እኔን «እትዬ» እያለ ትከሻዬን አቀፈ፤ ልጅ ሳለ ከኛ ማዕድ እጁን ታጥቦ የሚቀርብ እንደነበር አስታወሰኝ። አስታውሳለሁ፤ ሥጋውን አስቀድሞ የሚያነሣ ነበር። ፕሮጀክተር አምጥቶ ግድግዳችን ላይ የሚስቁ ሰዎች አሳየን። ታብሌት ይዘው ይስቃሉ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው ይስቃሉ። ሊፍት ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየሳቀ ሲሊንደሩን ማን ነው የሚሸከመው?» አለኝ። ሊፍት ሹፌራችን ነው፤ አሳንሰር በሌለበት ፎቅ ሁሉ ሲሊንደር በትከሻው ስለሚያወጣ አባባ ያወጣለት ስም ነው። አንተ ስትሄድ ገና አልተቀጠረም ነበር።

ሦስተኛዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። ቢሯቸው አንድ ክፍል ነው። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ዝም ይላል። ሊፍት በመጀመሪያው ቀን «መርማሪዋ» አላት፤ ስሟ በዚያው ጸና። ምንም አላሳየችንም። ሦስት ቀን ሱቅ ዋለች። አንዱን ቀን ሙሉ በፒካፑ ከሊፍት ጋር ዞረች፤ ሲመለሱ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «አራተኛ ፎቅ ላይ ግማሹን ተሸከምኩለት» አለችኝ። ሊፍት «ሩቡን» አለ።

በሦስተኛው ቀን መሳቢያውን ሳብ አድርጋ አየች።

«እነዚህ ለምን ተገለበጡ?»

«የኛ አሠራር ነው» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት አይደለም፤ እለፊው።»

ለምን እንዳልነገርኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ለባዕድ ሲነገር ጅልነት ይመስላል ብዬ መሰለኝ። እሷ ግን አላለፈችውም። በላከችልን አራት ገጽ ወረቀት ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «የተገለበጡ ካርዶች አሉ። ትርጉማቸው አልተነገረንም። ሳናውቀው ሥራ መጀመር አንችልም።»

ይህን በስልክ አነበብኩልህ፤ ታስታውሳለህ? «ካርድ ተገለበጠ ብላ ሥራ ልታቆም ነው?» አልከኝ። «ሁለት ሰው ደግሞ ድርጅት አይባልም፣ ባልና ሚስት ነው የሚባለው» አልክ። ሳቅሁ። ከልቤ ነው የሳቅሁት። ጥፋቱን ሁሉ አንተ ላይ ልከምር የተቀመጥኩ እንዳይመስልህ፤ የኔን ድርሻ ራሴ አንሥቼዋለሁ።

ከክራቫት ጋር የአንድ ወር ሙከራ ተስማማን።

ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ሁለት ጸሐፊዎች ላከ። ጨዋ ሴቶች ናቸው፣ እጃቸውም ፈጣን። መሳቢያውን ሲከፍቱ አንዳንዱ ካርድ ራሱን ደፍቷል። ግዴለሽ እጅ የነካው መሰላቸው። ሁሉንም አቃኑት፤ ጫፍ ከጫፍ አስተካከሉት፤ አቧራውን አራገፉት፤ ከዚያ መጻፍ ጀመሩ። ለምሳ ስወጣ በአጠገባቸው አለፍኩ። መሳቢያው እንደ አዲስ መጽሐፍ ተስተካክሏል። «ጎበዞች! እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም» አልኩ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለነሱ እንዳይመስልህ፤ እነሱ የታዘዙትን ነው የሠሩት። ሠላሳ ዓመት በየቀኑ የከፈትኩት መሳቢያ ነው፤ ዓይኔ እያየ ምን እንደጎደለው አልገባኝም።

ማሽኑ ሥራ በጀመረበት ቀን ለደንበኛው ሁሉ ያንን «ነገ ጠዋት ይደርሳል» የሚለውን መልእክት ላከ።

በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጡረታ የወጡት መምህርት ሱቅ ገቡ። ባለቤታቸው ሦስት ዓመት ሙሉ ደንበኛችን ነበሩ፤ ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ጃንጥላቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ቆሙ።

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ በሩን ከፍቼ ስጠብቃችሁ ነበር» አሉኝ።

«መምህርት፣ ስህተት ነው…»

«ስህተት መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ልጄ። ባሌን የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ አላበድኩም። ግን እናንተ ተሳስታችሁ አታውቁም። በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳታችሁም። እናንተ እመጣለሁ ካላችሁ ትመጣላችሁ። በሩን ከፍቼ ጠበቅኩ።»

ሊፍት ኮፍያውን አውልቆ በመኪና ላድርስዎ አላቸው። «በእግሬ ነው የመጣሁት» ብለው ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

መሳቢያውን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከሺህ በላይ ካርድ፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሙቱ ከሕያው አይለይም።

ሱቁን ዘግተን እኔ፣ ሊፍትና ስልከኛዋ ወለል ላይ ተቀመጥን። አንድ በአንድ በቃል ማውጣት ጀመርን። ስልከኛዋ ሰዎቹን በድምፃቸው ነው የምታውቃቸው። ሊፍት ደግሞ በደረጃ።

«ስድሳ ሁለት ደረጃ፣ ግራ በር፣ የምታኮርፍ ድመት» ይላል።

«አለች?»

«ድመቷ አለች። ሰውየው የለም።»

ይገለበጣል።

«ይቺ ሁልጊዜ “አትጩሂብኝ” የምትለኝ ናት» ትላለች ስልከኛዋ። «ትናንት ጮኻብኛለች። ደህና ናት።»

ይቆማል።

ሁለት ቀን ፈጀብን። አርባ ሦስት አገኘን። አንዱ ካርድ ላይ ሲደርስ ሊፍት የቤቱን ምልክት አላነበበም። «አሥራ አንድ ደረጃ» ብቻ አለ፤ ከሱቁ ኋላ ወደኛ ቤት የሚወጣው ደረጃ ነው። ራሱ ገልብጦ አስቀመጠውና ቀጣዩን አነሣ። የአባባ ካርድ ነበር።

ክራቫት በሦስተኛው ቀን መጣ። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት «እትዬ፣ የመረጃ ጥራት ችግር ነው» አለኝ። «ማሽኑ የሰጡትን ነው የሚሠራው።»

«እኔ የሰጠሁህ የተገለበጠ ካርድ ነው፤ ያቃናችሁት እናንተ ናችሁ።»

«የተጻፈ ነገር አልነበረም እኮ።»

«ሌላዋ ሳይጻፍላት አየችው።»

«ለማንኛውም ቀላል ነው» አለ። «ለአርባ ሦስቱም በአንድ ጊዜ የይቅርታ መልእክት እንልካለን። አንድ ቁልፍ መጫን ነው።»

«ምን ብለህ?»

«“ውድ ደንበኛችን…” ብለን።»

ስልከኛዋ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። አንተ ብትሆን ሳቅ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው ያስወጣት ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። እኔ አልጠየቅኳትም።

መልእክት አላስላክሁም። ሊፍትና እኔ በፒካፑ ቤት ለቤት ዞርን። በር እየተንኳኳ «ተሳስተናል፣ ይቅር በሉን» ይባላል፤ ሌላ ምን ይባላል? አንዳንዱ ቤት አስገብተው ውሃ ሰጡን። አንዷ ፊቴ ላይ በሩን ዘጋችው፤ እውነቷን ነው። አንድ ሽማግሌ «እኔ እንኳ ደስ አለኝ፤ ከሞተች ወዲህ በስሟ የመጣላት የመጀመሪያው ነገር ነው» አሉን። ከዚያ ቤት ስንወጣ ሊፍት መኪናውን ሳያስነሣ ብዙ ተቀመጠ።

ሁሉንም አዳርሰናል። አንድ ሲቀር።

መልእክቱ የደረሳቸውን የአርባ ሦስቱን ቤቶች ዝርዝር ክራቫት አትሞ ሰጥቶኝ ነበር። ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ የአባባ ስም አለ። የሚደወልለት ሰው ብሎ ካርዱን የሞላው አባባ ራሱ ነው፤ «እሷማ አጠገቤ ናት» ብሎ ያንተን ቁጥር ጻፈ። ከፊት ለፊቱ «ደርሷል»፣ ቀጥሎ «ተነቧል» ይላል። ሰዓቱም አለው። ያንተ አገር ጠዋት ነበር፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርስበት ሰዓት።

በዘጠኙ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ጽፈህልኛል። ስለ ውሉ፣ ስለ ጊዜ ገደቡ፣ «ትንሽ የመረጃ ስህተት» ስላልከው ነገር። ስለ ሠላሳ አንደኛው መስመር አንድ ቃል የለም። እኔም እስከ ዛሬ ዝም ብዬሃለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ግን ሆድም የሚፈጀውን ይመርጣል።

ከዙሪያችን እንደተመለስን ለመርማሪዋ ደወልኩላት። «ነግሬዎት አልነበር?» እንድትለኝ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። ከባሏ ጋር መጣች፣ መሳቢያው አጠገብ ወንበር ሳበች፣ «እሺ፣ አሁን ይንገሩኝ» አለች። ነገርኳት። ስለ ካርዶቹ ብቻ አይደለም፤ የማይጻፈውን ሁሉ። በር ላይ የሚያጣጥር ሰው ካለ ባዶ ሲሊንደር እንደማንጠይቅም ነገርኳት። ለደንበኛ ሙሉ የምንሰጠው ባዶውን ተቀብለን ነው፤ ያ ደንብ ነው። ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጣ። ካርድ የለው፣ ባዶ የለው፤ እናቱ እህቱ ቤት ወድቀዋል። ሊፍት ስሙን ሳይጠይቅ ሲሊንደሩን ጭኖ፣ ሰውየውን ጋቢና አስገብቶ ሄደ። ስሙን ያወቅነው በነጋታው ነው።

ባልየው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ሰባት ወር ይፈጃል» አለ።

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። «አምስት ብለን ነበር እኮ።»

«ይህን ሳንሰማ ነው።»

ሥራ የሚያሳጥርልኝ ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። ሥራዬን ሰምቶ ጊዜውን ያስረዘመብኝ እሱ የመጀመሪያው ነው። በዚያች ደቂቃ ልቤ ወሰነ። የጻፍኩልህም ያንኑ ነበር፤ «ከነዚህ ጋር እንሥራ፣ ሰባት ወር እንታገሥ» አልኩህ። የመለስክልኝን አንድ መስመር ታውቀዋለህ።

እዚህ ላይ ነበር ደብዳቤዬን ልቋጭ ያሰብኩት። እፈርማለሁ፣ ግን እያወቅኩ ነው የምፈርመው ልልህ። ከሽማግሌ ጋር ብማከር «ግማሽ ከማጣት መታገሥ ይሻላል» ይለኝ ነበር፤ ለራሴ ያልኩትም ያንኑ ነው። ለመቋጨት ስል ውሉን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ተቀጥላ ሦስት ይላል።

ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ ረስተኸው ከሆነ፦ «ባዶ ሲሊንደር ተመላሽ ሳይደረግ ሙሉ ሲሊንደር ከመጋዘን አይወጣም። ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም ወጪው በአጽዳቂው ይሁንታ ብቻ ይፈቀዳል። አጽዳቂ፦»። ከዚያ ያንተ ስም። ከዚያ ያንተ ስልክ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተነሥቼ ለመቀበያዋ ጸሐፊ አሳየኋት። «ይህ መቼ ገባ?»

ኮምፒውተሯን አየች። «ከመጀመሪያውም አለ፣ እትዬ። ወንድምዎ በኢሜይል የጠየቁት ነው፤ ኅዳር ላይ።»

ኅዳር ላይ። ሦስቱ ድርጅቶች ሱቃችንን ሳይረግጡ በፊት። እኔ ሦስት አወዳድሬ ልመርጥ ስለፋ አንተ አስቀድመህ መርጠህ፣ ወንበርህን ውሉ ውስጥ አኑረህ ጨርሰሃል። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ላይ ነበርኩ።

ክራቫት ድምፄን ሰምቶ ከስብሰባው ብቅ አለ። እንዳልተቆጣሁ መስክርልኝ ብለው ይመሰክራል፤ ቀስ ብዬ ነው የጠየቅኩት።

«ደጃፌ ላይ ሰው እያጣጣረ ባዶ ካልያዘ ምን ይሆናል?»

«ለወንድምዎ ስልክ መልእክት ይሄዳል፣ እትዬ። አንዴ ይጫኑታል፣ ያልቃል። ሰከንድ ነው።»

«ተኝቶ ከሆነስ?»

«ሲነሡ ይጫኑታል።»

«ሰውየውስ እስከዚያ?»

ክራቫቱን ነካ አደረገ፤ አሁንም አላላላውም። «ሁለት ደቂቃ ይጠብቁኝ፣ እጨርሳለሁ» ብሎ በሩን ዘጋ።

ለምን እንዳደረግከው አውቃለሁ። ሳይመለሱ የቀሩ ሲሊንደሮች አሉ፤ አንተ ከሩቅ የምታየው የጎደለውን ብቻ ነው። ልክ ነህ፣ ጎድሏል። አንዳንዱ ቤት የአበባ ማስቀመጫ መደገፊያ ሆኖ በዓይኔ አይቻለሁ። ሊፍት ደግሞ ለማዘን ይቸኩላል፤ እሱም ልክ ነው። ግን ጎድሎብን አሁንም ቆመናል። አንተ እስክታጸድቅ ድረስ የሚጎድለው ሲሊንደር አይሆንም፤ ሰው ነው።

ሌላም ምክንያት ያለህ ይመስለኛል፤ ከተሳሳትኩ ደውለህ ተቆጣኝ። አባባ ሲሞት በሰዓቱ አልደረስክም። አውሮፕላን አላገኘህም፤ ማንም አልወቀሰህም፣ አንተ ግን ራስህን ስትወቅስ ኖረሃል። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሁለት ዓመት ሳልነግርህ መቆየቴ የኔ ጥፋት ነው። አባባ ያረፈው የሞላ ሲሊንደር አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ ሆኖ፣ ቫልቩ እንደሚገባው ተከፍቶ ነው። ምንም አልጎደለበትም። እኔ እጁን ይዤ ነበር፤ ሊፍት በር ላይ ነበር። አንተ ብትኖር አንድ ወንበር እንጨምር ነበር እንጂ ሌላ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። የሚጸድቅም የሚከለከልም አልነበረም።

እንግዲህ የኔን ውሳኔ ስማ።

ይህን አልፈርምም። ተቀጥላው ይውጣ ብዬ አልደራደርም፤ ኅዳር ላይ የተደበቀብኝ ነገር ዛሬ ቢወጣ በየትኛው ገጽ እንደሚመለስ አላውቅም። የምሠራው ከመርማሪዋና ከዝምተኛው ባሏ ጋር ነው። ሰባት ወር ይፈጃል፤ ስምንትም ቢሆን እችላለሁ። እስከዚያ ካርዶቹ በመሳቢያቸው ይቆማሉ፤ የሚገለበጠውም ይገለበጣል።

ድርሻህን መሸጥ መብትህ ነው፤ ሽጥ። ለሚገዛህ ሰው ግን አስቀድመህ ንገረው፤ አብራው የምትሠራው ሴት ባዶ ሲሊንደር አትጠይቅም በለው። ሥራ የሚጀምረውም ከሊፍት ጋር አራተኛ ፎቅ በመውጣት ነው በለው። ከዚያ በኋላም የሚገዛህ ካለ ጥሩ ሰው ነውና ተቀብዬዋለሁ። ካላገኘህ ደግሞ ራስህ ና። አንተንም ደረጃ ላይ እናስጀምርሃለን። ትንሹ አለቃ ነህ እንጂ ትልቁ አይደለህም፤ ታላቅህ እኔ ነኝ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ የምል ሴት እንደሆንኩም ከልጅነትህ ታውቃለህ።

እንቅልፍህን የሚያቋርጥ ስልክ አይምጣብህ። የልጆችህ ደረት ክፍት ይሁን፣ ሳቃቸው ትንፋሽ የሚያስረዝም ይሁን። የወለቀውን ጥርስ በጤና ያብቅልላት። ባለቤትህን ሳምልኝ።

ሊፍት ታች መኪናው ውስጥ ነው። ሦስት የሞሉ ሲሊንደሮች ጭነናል፤ ፈርሜ ስወርድ ልናደርሳቸው ነበር፤ ሳልፈርምም ይደርሳሉ። ለመርማሪዋ ደረጃው ላይ ሆኜ እደውልላታለሁ፤ ጉልበቴም በዚያው ያርፋል።

ጸሐፊዋ የውስጡን በር ከፍታ ይዛልኛለች። «እትዬ፣ ጨርሰዋል፤ ይግቡ እንጂ» ትለኛለች። ክራቫት ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ ወንበር እያሳየኝ ነው። እጄን አነሣሁለት፤ ሰላምታ መሰለው መሰለኝ፣ ፈገግ አለ። ውሉን ወንበሩ ላይ እተወዋለሁ። የምጽፍበት እስክሪብቶም የነሱ ስለሆነ ከላዩ ላይ አስቀምጬው በመጣሁበት በር እወጣለሁ።

እህትህ